የኦቦ ሁሴን መልስ

ኦቦ ሁሴን ማረፋቸውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ዘይነባ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ልወጣ ባጃጅ እየጠበቅሁ ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ ስትደውል ሁልጊዜ «አንቺ፣ ሰማሽ?» ብላ ነው የምትጀምረው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬም የሚያስቅ እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም። የዚያን ቀን ግን «ፋጤ» ብቻ አለች። «ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ!» አልኳት። «ኦቦ ሁሴን» አለች፤ «ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ቀሩ።» ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ባጃጁ አጠገቤ ቆሞ ልጁ «ገበያ ነሽ?» ሲለኝ እንኳ አልመለስኩለትም። በእግሬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። «ምናለ እስከ ሰኞ ቢቆዩ!» እያልኩ ነበር የምሄደው፣ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ። የሰማኝ ሰው አበደች ብሎ ይሆናል። ሞትማ የአላህ ነው፤ በሱ አልናደድም። ግን ሰኞ ባቲ ሊሄዱ ነበር፤ ከተኳረፏት ከአንድ ልጃቸው ከሀያት ጋር ሊታረቁ። ይህን የምናውቀው እኔና ዘይነባ ብቻ ነን።

ኦቦ ሁሴን የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተርና የኔትወርክ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ስላልኩ ትልቅ ቢሮ አይምሰላችሁ። ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ከኮሌጅ እንደወጣሁ እዚያ ተመደብኩ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ጋ ስደርስ ውስጥ «አካም ቡልቴ? ነጋ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንግዳ ይዘዋል ብዬ ውጪ ቆሜ ጠበቅሁ። ስቆይ ስቆይ ሰው አይወጣም። ገፋ አድርጌ ብገባ አንድ ረዥም ቀጭን ሽማግሌ፣ ኮፊያቸውን ደፍተው፣ የኮምፒውተሩን አናት መታ መታ እያደረጉ «እንደምን አደርክ» ይሉታል። ሰው የለም። በልቤ «በቃ፣ ከእብድ ጋር መደቡኝ» አልኩ።

በኋላ ለመድኩት። ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም ይላሉ፤ ሁልጊዜም በኦሮምኛ። ዘይነባ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው፣ አንድ ቀን «ኦቦ ሁሴን፣ ለምን በአማርኛ አያናግሯቸውም?» ብትላቸው «አማርኛ ሲሰሙ ስብሰባ የተጠሩ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ» አሏት። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኛ ግን እስክንፈርስ ሳቅን።

ያናድዱኝም ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ያዘገያሉ። «ሳይሞከር አይበራም» የሚሏት ነገር አለቻቸው፤ አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ፣ አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ኧረ ሻይ ማፍያ ስንገዛ እንኳ «ሳይሞከር አይበራም»። ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ ተፈትኖ፣ ተለጥፎ፣ ስሙ ተጽፎበት ካልሆነ እጃቸው ማብሪያው ላይ አያርፍም። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ እኔ በሳቸው ፈንታ አፍራለሁ። እሳቸው ዞርም አይሉም። አንድም ቀን ግን የሠሩት ነገር ተበላሽቶ አላየሁም።

ሀያት ትንሽ ሆና ነው እናቷ ትታት የሞተችው። ኦቦ ሁሴን ሌላ ሚስት አላገቡም፤ ሰው ቢመክራቸው ቢያስመክራቸው «ልጄ ትበቃኛለች» እያሉ ብቻቸውን አሳደጓት። እኔ ስመደብ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያች ክፍል ትመጣና የኬብል ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። አባቷ እየሠሩ ያዳምጧታል። ስትስቅ ቀና ይላሉ። ፋርማሲ ተምራ ባቲ ሥራ ስታገኝ ሰውየው ለሳምንት ያህል ማሽኖቹን ሰላም ማለት ረስተው ነበር።

ባቲ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወጣት ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰጋጅ ነው፣ ማንም ክፉ አይናገርበትም። ችግሩ ኦቦ ሁሴን ጨፋ ላለ የልብ ወዳጃቸው «ልጄን ለልጅህ» ብለው ቃል ሰጥተው ነበር። ሽማግሌ ከባቲ መጣ፤ እንቢ አሉ። ደግሞ መጣ፤ «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቃል ደግሞ አንድ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው ባቲ ያለው የሀያት አጎት፣ የኦቦ ሁሴን ታናሽ ወንድም፣ በአባት ቦታ ወሊይ ሆኖ ቆመና ኒካው ታሰረ። ዜናው የደረሳቸው ቢሮ ውስጥ ነው፣ እኔ ፊት። «እኔ በሕይወት ቆሜ!» አሉ፣ «ልጄ አባት እንደሌላት የቲም በሰው እጅ ተዳረች!» ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ቃል አልወጣቸውም።

መልስም አልጠሩም። እኛ አገር ከሠርግ በኋላ የሴቷ ወላጅ ሙሽሮቹን ጠርቶ ካላበላ፣ መርቆ ካልሸኘ፣ አማቹ የዚያን ቤት ደጃፍ አይረግጥም፤ ልጅቷም ያለ ባሏ መምጣት ይከብዳታል። ሀያት ለዒድ ትደውል ነበር። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፤ ስሟን ያያሉ፤ እስኪያበቃ ያዩታል፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔ ጀርባዬን አዙሬ የማልሰማ እመስላለሁ። በኋላ በኋላ መደወሉን ተወችው። ወንድ ልጅ መውለዷንም የሰማነው ከሰው ነው።

አሁን የማወራው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የባለጉዳዮች መዝገብ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ሲሞቅ ይጠፋል፤ ከሚሴ ደግሞ መቼ ነው የማይሞቀው? ኦቦ ሁሴን መዝገቡን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ለማዛወር ወሰኑ። ለማያውቀው ሰው፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ የራሱ አካል የለውም፣ ግን የራሱ አድራሻ አለው፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። ኦቦ ሁሴን የሚያስጠጋውን ኮምፒውተር «ባለቤቱ»፣ በውስጡ ያለውን ደግሞ «እንግዳው» ነበር የሚሉት። ሞከሩት፣ ፈተኑት፣ እንደ ልማዳቸው አዘገዩት፣ በመጨረሻ አበሩት።

በባለቤቱ ላይ ሆነን እንግዳውን ስንጠይቀው ወዲያው ይመልሳል። ከመዝገብ ቤት፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ስንጠይቀው ግን ጭጭ። ኮሪደሩን ባለጉዳይ ሞልቶታል። አለቃችን መጣና «ይሄ ነገር አልመልስም ብሏል፤ አጥፉትና እንደ አዲስ ጫኑት» አለ። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ነበር።

«አልመልስም ያለው መቼ ነው?» አሉ ኦቦ ሁሴን።

«ይኸው ዝም ብሏል እኮ!»

«ዝም ማለትና አልመልስም ማለት አንድ ነው እንዴ? ፋጤ፣ መዝገብ ቤት ሂጂና ከዘይነባ ማሽን ጠይቂልኝ።»

ሄድኩ። እሳቸው የእንግዳውን ስክሪን እያዩ ከክፍላቸው ይጮሃሉ፣ እኔ ከመዝገብ ቤት። «ላኪ!» ይላሉ። «ላክሁ!» እላለሁ። «ዱፌ!» ይላሉ፤ መጣ ማለታቸው ነው። ጥያቄዬ እንግዳው ጋ ሲደርስ እያዩት ነው። ከዚያ «ዴቢኤ?» ይሉኛል፤ ተመለሰ ወይ? «ኧረ ምንም የለም!» እላለሁ። ኮሪደሩ ላይ ከጨፋ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ድምፃችን እንዳይጠፋ ብለው መሐል ላይ ቆሙና ያቀባብሉን ጀመር። «ዴቢኤ ወይ ነው የሚሉሽ!» ወደ እኔ፤ «አልተመለሰም ትላለች፣ ምን ይሻላል!» ወደ እሳቸው። ባለጉዳዩ ሁሉ መጉላላቱን ረስቶ ይስቃል።

ኦቦ ሁሴን ነገሩን ደረሱበት። እንግዳው ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ወደ ባለቤቱ፣ አንዱ ወደ ኢንተርኔት። የኛ ጥያቄ በባለቤቱ በር ይገባል። እንግዳው ይሰማል፣ መልሱንም ያዘጋጃል፤ ግን የዘይነባ ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ማንም አልነገረውም። የማታውቀውን ሁሉ በኢንተርኔቱ በር ስደድ ተብሏል፣ እሱም ታዛዥ ነው፣ ይሰዳል፤ መልሱ ወጥቶ ይቀራል። አንድ መስመር ጻፉለት፤ ወደ ቢሮዎቹ ስትልክ በባለቤቱ በኩል እለፍ የሚል።

«ላኪ!»

«ላክሁ!»

«ዴቢኤ?»

«ዴቢኤ! ዴቢኤ!» አልኩ እየዘለልኩ። ኮሪደሩ በሙሉ «ዴቢኤ!» አለ፤ ሽማግሌው «አልሃምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ኦቦ ሁሴን መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ኮፊያቸው ወደ ኋላ ሸሽታለች። «አያችሁ?» አሉን፤ «አልመልስም ያለ ማንም አልነበረም። መልሱ ነው መንገድ ያጣው።»

ዘይነባ አፏ አያርፍም። «ወላሂ ኦቦ ሁሴን» አለች፣ «የማሽኑንስ መልስ ጠሩት። የሀያትን መልስ መቼ ነው የሚጠሩት?»

ሽማግሌው ነገሩን ስለማያውቁ ሳቁ። ሌላ የሳቀ የለም። እኔ ዘይነባን በክርኔ ብደቁሳት ደስ ባለኝ። ኦቦ ሁሴን ኮፊያቸውን አስተካከሉና «ዙህር ደርሷል» ብለው ወጡ። የቀትሩ ሶላት ገና አልደረሰም ነበር። በዚያ ቀን ወደ ሥራ አልተመለሱም። በማግሥቱ ሲመጡ ዘይነባ በር ላይ ጠብቃ «አውፍ ይበሉኝ» ብትላቸው «ምን አደረግሽኝ?» ብለው ከጨፋ የመጣ ፓፓያ ሰጧት። ምንም ያልተባለ መሰለ።

ግን ውስጣቸው ገብቷል። ከወራት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ እኔና እሳቸው ኬብል ስንሠራ፣ ቀና ሳይሉ «ፋጤ፣ መልስ ጊዜ ያልፍበታል እንዴ?» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። ደስታዬን ካዩ ነገሩን ይተዉታል ብዬ እኔም ቀና አላልኩም። «ኧረ አያልፍበትም! ወልዳ፣ ልጇ እየሮጠ የተጠራች አውቃለሁ።»

«እየሮጠ?»

«እየሮጠ።»

«አጂብ ነው» አሉና ኬብሉን ጨረሱት። በኋላ ብፈትሸው የብርቱካኑንና የአረንጓዴውን ሽቦ አቀያይረውታል። እሳቸው! ቆርጬ ጣልኩትና ሳልነግራቸው ሌላ ሠራሁ።

እኔና ዘይነባ ነገ ተነገወዲያ ይደውሉላታል ብለን ነበር። የኦቦ ሁሴንን ጠባይ ረስተን! «አባቷ ቤት ስትገባ የጎደለ እንዳይኖር» አሉና ሥራ ጀመሩ። ቤቱ ነጭ ቀለም ተቀባ። አጥሩ ታደሰ። አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ መጋረጃ ተገዛ፤ መጋረጃውን የመረጥነው እኔና ዘይነባ ነን። ሙክት ግቢ ውስጥ ታሰረ። «ለማንም እንዳትናገሩ» ብለው አስማሉን፤ «ልጄ ከሰው አፍ አትስማ፣ ከኔ አፍ ትስማ። ስታገባ ከሰው ነው የሰማሁት፤ እኔ እንደዚያ አላደርግባትም።»

ከተማው ግን ዓይን አለው። ብቻውን የሚኖር ወንድ ቤቱን ሲቀባ፣ አዲስ ፍራሽ በባጃጅ ሲያስመጣ ምን ይባላል? ሚስት ሊያገቡ ነው ተባለ። መንገድ ላይ «ሙሽራው!» ይሏቸው ጀመር። ዘይነባን «ማንን ነው የሚያገቡት?» ብለው ሲነዘንዟት «እኔን ነው፣ ምቀኛ ሁሉ!» አለቻቸው። ኦቦ ሁሴን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይበሉ፣ ይበሉ፤ እንዲያውም ምስጢሬን ይሸፍንልኛል» አሉ። እኛም አብረን ሳቅን።

ሳምንታት አለፉ። የበሩ ቀለም አልወደዱትም፣ እንደገና ተቀባ። ደግሞ የግቢው ድንጋይ ይስተካከል አሉ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «ኦቦ ሁሴን፣ ሀያት የናፈቀችው በሩን አይደለም እኮ!» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ፈርቼ ነዋ፣ ፋጤ» አሉኝ። «እኔ እንቢ ያልኳት ብዙ ነው። እሷ አንዴ እንቢ ብትለኝ የምችለው አልመሰለኝም።» እኚያን ሰውዬ ያን ያህል የወደድኩበት ቀን የለም።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ትናንት ደወልኩላት» አሉን።

ዘይነባ ወንበሯን ጥላ ተነሳች። «ምን አለች?»

«አላነሳችም።»

«ደግመው ይደውሉ! አሁኑኑ!»

«ፋርማሲ ውስጥ ሰው ይበዛባታል፣ አትጨቅጭቁኝ። አላነሳችም ማለት እንቢ አለች ማለት አይደለም።» ይህን ሲሉ ራሳቸውን የሚያሳምኑ ይመስሉ ነበር። «ደግሞ አባት ልጁን በስልክ መልስ ሲጠራ ነውር አይደለም? ሰኞ ራሴ እሄዳለሁ። የባቲ ገበያ ቀን ነው፣ መኪና አይጠፋም። ፊቷን እያየሁ እነግራታለሁ።» ለሰኞ ፈቃድ ጠየቁ፤ አለቃችን ፈቀደላቸው። ለጁሙዓ ሲወጡ በር ላይ ዞረው «የሕፃኑ ልብስ ስንት ቁጥር ይሆናል?» አሉኝ። እንጃ አልኳቸው፤ ባቲ ሄደው ይግዙለት አልኳቸው።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ተቀበሩ። ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነን። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሀያት ከባሏና ከልጇ ጋር ከባቲ ደረሰች። ቀብሩ አልፎባታል። ባልየው ሕፃኑን እንደታቀፈ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎች ግባ ቢሉት «አልተጠራሁም» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ሀያት ገባች። ትጮሃለች፣ ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተነስቼ ነበር። አልጮኸችም። ግድግዳውን አየች፣ ነጩን። መጋረጃውን አየች፣ ምንጣፉን አየች። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር፣ የምታውቀንንም የማታውቀንንም፤ ሰው እንደምትፈልግ።

«የታለች?» አለች።

«ማን፣ እናቴ?» አልኳት።

«ሚስቱ። ያገባት ሴትዮ። አላህ ያጽናሽ ልበላት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘይነባ ተነስታ ሀያትን በሁለት እጇ ይዛ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። «ሚስት የለም» አለቻት፤ «ማንንም አላገቡም። ቤቱ የተቀባው ላንቺ ነው። መልስሽን ሊጠሩ ነበር፣ ሰኞ ሊነግሩሽ ሊመጡ ነበር፤ ከአፌ ትስማ ብለው ነው አፋችንን ያስያዙን።»

ሀያት ዘይነባን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። ራሴን ነቀነቅሁላት።

«ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ሊያገባ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። እሱን ሊነግረኝ መሰለኝ። እንኳን ደስ አለህ ማለት አቃተኝና፣ አላነሳሁትም።»